መልካም ዓላማ ከመመርመር አያድንም፦ ስለ ዘረኝነት የሚያስተምሩ የኢንተርኔት ጽሑፎችን ለክፍል ስለ መምረጥ

ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ ለሚያድጉ ልጆች አማርኛና ታሪክ በሚያስተምሩ መምህራንና በልጆቹ ወላጆች ፊት የቀረበ ንግግር ነው፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል። ዓመታቱ «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣

የተጠራሁበት ጉዳይ ግልጽ ነው። ልጆቻችን ቅዳሜ ወደ እኛ ሲመጡ በሳምንቱ ውስጥ የሰሙትን ይዘው ይመጣሉ፤ ስለ ቆዳ ቀለም፣ ስለ ባርነት፣ ስለ ጥቁሮች የመብት ትግል ይጠይቃሉ፤ መምህሩም መልስ ፍለጋ ስልኩን ያወጣል። ጎግል ላይ ሁለት ቃል ሲጽፍ የትምህርት ዕቅዱ፣ ቪዲዮው፣ ጥቅሱና የክፍል ጨዋታው ይጎርፍለታል። ከዚህ ሁሉ የቱን ወደ ክፍል ያስገባል? የቱንስ ይተዋል? የምናገረው በዚህ ላይ ብቻ ነው፤ ዘረኝነት ክፉ መሆኑን ለእናንተ ለማስረዳት አልመጣሁም።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ዘረኛ የጻፈውን ጽሑፍ ስናነብ ሁላችንም ንቁ ነን፤ ዓይናችን የሚፈዘው ልባችን የሚቀበለውን ስናነብ ነው። ስለዚህ አጥብቀን መመርመር ያለብን ከእኛ ጎን የቆመውን፣ ዘረኝነትን ሊቃወም የተጻፈውን ነው። ይህን ስል የጽሑፉን ባለቤቶች ቅንነት ለመጠራጠር አይደለም። ቅንነት የአንድን ቀን፣ የአንድን ቁጥር ወይም የአንድን ጥቅስ ትክክለኛነት አያረጋግጥም ማለቴ ነው።

ግልጽ ስለሆነው አደጋ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ስቶርምፍሮንት የተባለውን የነጭ የበላይነት አራማጆች መድረክ የመሠረተው የቀድሞው የኩ ክሉክስ ክላን መሪ ዶን ብላክ፣ በ1999 በዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ስም አንድ ድረ ገጽ ከፈተ። አድራሻው በ«ኦርግ» የሚያልቅ በመሆኑ የበጎ አድራጎት ድርጅት ይመስል ነበር፤ ለተማሪዎች የተዘጋጀ የጥያቄና መልስ ፈተና፣ ታትሞ በትምህርት ቤት የሚበተንም ወረቀት ነበረው። ውስጡ ግን የዶክተር ኪንግን ስም የማጥፋት ሥራ ነበር፤ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ የሚናገረውም መስመር ከገጹ ግርጌ ተሸሽጎ ነበር። ይህ ገጽ ለብዙ ዓመታት በጎግል ፍለጋ ከላይ ከሚመጡት አንዱ ሆኖ ኖሯል።

በዚያን ዘመን መምህራን ይታጠቁት የነበረው መሣሪያ የመጠይቅ ዝርዝር ነበር። በ2004 በቺኮ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ወጥቶ ብዙ ትምህርት ቤቶች የተቀበሉት መመዘኛ፣ ጽሑፉ ወቅታዊ ነው ወይ፣ ለጉዳዩ ይስማማል ወይ፣ ጸሐፊው በጉዳዩ ላይ ዕውቀት አለው ወይ፣ የተባለው ትክክል ነው ወይ፣ የተጻፈበት ዓላማ ምንድን ነው እያለ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው። ጉድለቱ አንባቢው መልሱን እዚያው ገጽ ላይ እንዲፈልግ ማድረጋቸው ነው፤ ተከሳሹ ራሱ ምስክር ሆኖ ይቀርባል። የስታንፎርዶቹ ሳም ዋይንበርግና ሳራ ማክግሩ በ2017 ባቀረቡት ጥናት 10 የታሪክ ዶክተሮችን፣ 10 ዜና በማጣራት የሚተዳደሩ ባለሙያዎችንና 25 የስታንፎርድ ተማሪዎችን የማያውቋቸውን ድረ ገጾች እንዲመዝኑ አደረጉ። ከዶክተሮቹና ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ ገጹን ከላይ እስከ ታች እያነበቡ በአርማው፣ በአጻጻፉ ጨዋነትና በአድራሻው ሲታለሉ፣ አጣሪዎቹ ገጹን ቶሎ ትተው ሌሎች ገጾችን ከፈቱ፤ ስለዚያ ድርጅት ሌላው ሰው ምን እንደሚል ፈለጉ፤ ባነሰ ጊዜም የተሻለ ፍርድ ሰጡ። የታሪክ ዶክተር የተታለለበት ነገር የቅዳሜ መምህርን አያታልልም ብዬ ልከራከር አልችልም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ልማድ ከገጹ መውጣት ነው። ይህን የምናደርገው ግን ጥፋት ያለበትን ሁሉ አሽቀንጥረን ለመጣል አይደለም። ዘረኛ ቡድኖችን በፍርድ ቤት በመክሰስ የሚታወቀውን ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተርን ውሰዱ፤ በ1991 ለመምህራን «ቲቺንግ ቶለራንስ» የተባለ ፕሮግራም ጀመረ፣ በ2021 ስሙን «ለርኒንግ ፎር ጀስቲስ» አለው፤ በነጻ የሚሰጣቸው የትምህርት ዕቅዶች በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በሰፊው የሚሠራባቸው ናቸው። ከገጹ ወጥታችሁ ስለ ድርጅቱ ብትፈልጉ በገንዘብ አሰባሰቡ ላይ የቀረበበትን ትችት፣ መሥራቹ ሞሪስ ዲስ በ2019 ከድርጅቱ መሰናበቱን ታገኛላችሁ። ይህ የትምህርት ዕቅዶቹን ዋጋ አያሳጣቸውም። ነገር ግን ድርጅቱ ስለ ራሱ ድል በሚተርክበት ጊዜ ተራኪው ባለጉዳይ መሆኑን እያወቅን እናነባለን፤ ወደዚህ ነጥብ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ፣ ምክንያቱም በቀጥታ እኛን ይመለከታል።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። «የዊሊ ሊንች ደብዳቤ» የሚባለውን ከመካከላችሁ ያላነበበ ወይም በዩቲዩብ ሲነበብ ያልሰማ ጥቂት ሰው ነው። ታሪኩ እንዲህ ይላል፦ በ1712 ከምዕራብ ሕንድ ደሴቶች የመጣ አንድ የባሪያ ባለቤት በቨርጂኒያ፣ በጄምስ ወንዝ ዳር፣ ለሌሎች ባሪያ አሳዳሪዎች ንግግር አደረገ፤ ሽማግሌውን በወጣቱ ላይ፣ ቀዩን በጥቁሩ ላይ፣ ሴቷን በወንዱ ላይ ብታነሣሡ ቢያንስ ለ300 ዓመት ትገዟቸዋላችሁ አላቸው። በ1995 በዋሽንግተን በተደረገው የሚሊዮን ወንዶች ሰልፍ ላይ የኔሽን ኦፍ ኢስላም መሪ ሉዊስ ፋራካን ከመድረክ ጠቅሶታል። ጽሑፉ ግን በ20ኛው መቶ ዘመን የተፈበረከ ነው። ጄላኒ ኮብን የመሳሰሉ የታሪክ ምሁራን ይህን በማያሻማ ሁኔታ አሳይተዋል፤ መምህር ሆኖ ላነበበውም ቢሆን ምልክቱ ሩቅ አይደለም። ሥርዓቱ ራሱን በራሱ ነዳጅ እየሞላ ይቀጥላል የሚል ሐረግ አለበት፤ ይህ አነጋገር በ1712 ገና አልነበረም። ከ20ኛው መቶ ዘመን በፊት በነበሩት የታሪክ መዛግብት ውስጥም ንግግሩን የሚያነሣ ሰው የለም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ቢሆንስ? መልእክቱ እውነት ነው» ይላል። ይህ አነጋገር ያስጨንቀኛል። አንደኛ፣ 15 ዓመት የሞላው ተማሪ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደብዳቤው ሐሰተኛ መሆኑን ያገኛል፤ ያን ቀን የሚወድቀው ደብዳቤው ብቻ አይደለም፤ መምህሩ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የተናገረው እውነት ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል። ሁለተኛውና ለእኔ የሚከብደው፣ መልእክቱም እውነት አለመሆኑ ነው። ደብዳቤው ባርነትን የአንድ ተንኮለኛ ሰው ምክር አድርጎ ያቀርበዋል። ቨርጂኒያ ውስጥ የሆነው ግን ተንኮል በምሥጢር መምከር ሳይሆን በአደባባይ ሕግ ማውጣት ነበር። በ1662 የቅኝ ግዛቲቱ ምክር ቤት የልጅ ነጻነት ወይም ባርነት የእናቱን ይከተላል ብሎ ደነገገ፤ ስለዚህ ጌታው ከባሪያው የወለደው ልጅ የጌታው ንብረት ሆነ። በ1667 ክርስትና መነሣት ባሪያን ነጻ እንደማያወጣ ተደነገገ፤ በ1705 ደግሞ እነዚህና ሌሎች ሕጎች ተጠቃለው ወጡ፤ ባሪያውን ሲቀጣ የገደለ ጌታም በነፍስ ግድያ እንዳይጠየቅ ተደረገ። እነዚህ ሕጎች በኢንሳይክሎፒዲያ ቨርጂኒያ ድረ ገጽ ላይ ሙሉ ቃላቸው ከማብራሪያ ጋር በነጻ ይገኛል። እውነተኛው ሰነድ ከሐሰተኛው አጠር ያለ፣ ከሐሰተኛው የከፋ፣ ክፍል ውስጥም ብዙ ጥያቄ የሚያስነሣ ነው። ለምን የእናቱን እንጂ የአባቱን አይከተልም ተባለ? ይህን ጥያቄ ለአሥራ አምስት ዓመት ልጆች አቅርባችሁ መልሱን ራሳቸው ሲደርሱበት ተመልከቱ።

ከዚህ የሚመሳሰል ሌላ አለ፤ እሱም በአፍሪካውያን ገጾች ላይ በብዛት የሚዞር ነው። እንግሊዛዊው ሎርድ ማኮሌይ በየካቲት 2 ቀን 1835 በአገሩ ፓርላማ ተነሥቶ «አፍሪካን ከዳር እስከ ዳር ተዘዋውሬ አንድም ለማኝ፣ አንድም ሌባ አላየሁም» ካለ በኋላ፣ ሕዝቡን ለመግዛት ባህሉን መስበር እንደሚያስፈልግ ተናገረ የሚል ጥቅስ ነው። ይኸው ጥቅስ በሕንዶች ገጾች ላይ «አፍሪካ» የሚለው «ሕንድ» ሆኖ ይገኛል፤ ጥርጣሬ ለመጀመር ይህ ብቻ ይበቃ ነበር። በዚያ ቀን ማኮሌይ ለንደን ውስጥ አልነበረም፤ ሕንድ አገር፣ ካልካታ ነበር፤ በዚያው ቀን የጻፈው ስለ ሕንድ ትምህርት የሚናገር ማስታወሻም ዛሬ ድረስ አለ። በማስታወሻው ውስጥ የአንድ ጥሩ የአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት አንድ መደርደሪያ ከሕንድና ከዓረብ ሥነ ጽሑፍ ሁሉ ይበልጣል የሚል አሳብ ሰፍሯል፤ ይህን በእርግጥ ጽፎታል። ንቀቱን በገዛ እጁ ጽፎ ሳለ እኛ ያላለውን ለምን እናስብለው?

ከራሳችን ቤትም አንድ ላምጣ፤ ይህን ካላነሣሁ ሌላውን ብቻ የወቀስሁ እመስላለሁና። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመስከረም 1956 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ያደረጉት ንግግር፣ አንዱን ዘር የበላይ ሌላውን የበታች የሚያደርገው ፍልስፍና ፈጽሞ እስካልተወገደ ድረስ የአፍሪካ አህጉር ሰላም አያውቅም የሚለው ክፍሉ፣ ከማንኛውም ኢትዮጵያዊ ንግግር ይልቅ በዓለም የታወቀ ነው። ቦብ ማርሌይ በ1976 በዜማ ስላወጣው፣ በብዙ የጥቅስ ገጾች ላይ የዘፈኑ ግጥም የንጉሠ ነገሥቱ ቃል ተብሎ ተለጥፏል፤ ንግግሩ በ1968 በካሊፎርኒያ የተደረገ ነው የሚሉም ገጾች አሉ። ስሕተቱ የቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ አላነሣውም ነበር። በተቆረጠው ጥቅስ ውስጥ የጠፋው የዓረፍተ ነገሩ መነሻ ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ትምህርት የሰጠው የአዲስ አበባው ጉባኤ ነው ብለው ነበር የጀመሩት። ይኸውም ከጥቂት ወራት በፊት የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረተው የግንቦት 1955 ዓ.ም. ጉባኤ ነው። አንጎላን፣ ሞዛምቢክንና ደቡብ አፍሪካንም በስም ጠርተው ነበር። ጥቅሱ ሲቆረጥ፣ የአንድ አህጉር መንግሥታት በአንድነት የያዙት የፖለቲካ አቋም የአንድ ሰው ጥበብ ይሆንና ልጁ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው ጥቅስ ሆኖ ይቀራል። መምህሩ ከጥቅስ ገጹ ወጥቶ የጉባኤውን መዝገብ ቢመለከት አንድ ክፍለ ጊዜ የሚሞላ ትምህርት ያገኛል። ንግግሩ የተደረገው በአማርኛ መሆኑንም አስታውሱ፤ በፌስቡክ የሚዞረው አማርኛ ከእንግሊዝኛው ተመልሶ የተተረጎመ ሊሆን ስለሚችል በዘመኑ ከታተሙት የንግግር መድብሎች ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ እውነትነት ነው። እውነት የሆነ ነገር ሁሉ ግን ለክፍል አይሆንም። ሁለተኛው መመዘኛዬ አንድ ጥያቄ ነው፤ ይህ ትምህርት በሚሰጥበት ሰዓት በክፍሉ ውስጥ ብቸኛዋ ጥቁር ልጅ ምን ታደርጋለች? በቅዳሜ ትምህርት ቤታችን ሁሉም ልጆች አንድ ስለሚመስሉ ጥያቄው አይታየን ይሆናል፤ ሰኞ በሚገቡበት ክፍል ግን ያቺ ልጅ የእኛ ልጅ ናት። እናንተ ወላጆች ከትምህርት ቤት የሚላክላችሁን ወረቀት በዚህ ዓይን እንድታዩት እፈልጋለሁ።

በ2012 በጆርጂያ በአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለልጆች የተሰጠ የሒሳብ የቤት ሥራ ወላጆችን አስቆጥቶ የአገር ዜና ሆኖ ነበር፤ ፍሬድሪክ በቀን ሁለት ጊዜ ቢገረፍ በሳምንት ስንት ጊዜ ይገረፋል የሚል ስሌት ነበረበት። አዘጋጆቹ ያሰቡት ከባርነት አምልጦ የነጻነት ታጋይ የሆነውን የፍሬድሪክ ዳግላስን ታሪክ ከሒሳብ ጋር ማገናኘት ነበር። ታሪኩ እውነት ነው፣ መገረፉም እውነት ነው፤ ወረቀቱ ግን ግርፋትን የማባዣ ቁጥር አደረገው። ከዚህ የባሰው ልጆችን ባሪያና ጌታ፣ ሻጭና ተሻጭ አድርጎ የሚያስጫውተው የትምህርት ዕቅድ ነው። የዚህ ዓይነት የክፍል ጨዋታ ክብር ያገኘው ከጄን ኤልየት ነው፤ ዶክተር ኪንግ በተገደሉ ማግስት፣ በሚያዝያ 1968፣ በአዮዋ በምትገኘው በራይስቪል ከተማ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎቿን በዓይናቸው ቀለም ከፋፍላ አንዱን ወገን የበላይ፣ ሌላውን የበታች አደረገች። የክፍሉ ልጆች ሁሉም ነጮች እንደ ነበሩ ግን በዩቲዩብ አይቶ የሚኮርጀው መምህር ልብ አይለውም። ልምምዱ መድሎ ለማያውቁ ልጆች ቅምሻ እንዲሰጥ የታሰበ ነበር፤ በየቀኑ የምትኖረውን ልጅ በክፍል ጓደኞቿ ፊት ዳግመኛ ማቅመስ ምን ያስተምራል? ቀደም ብዬ የጠቀስሁት «ለርኒንግ ፎር ጀስቲስ» ራሱ እንዲህ ያሉ የማስመሰል ጨዋታዎች እንዲቀሩ ይመክራል፤ እኔም ያለ ምንም ማመንታት እስማማለሁ። መምህራን የትምህርት ዕቅድ በሚሸጡባቸው ገበያዎች ላይ አምስት ኮከብ ያገኘውን አትመኑ፤ ኮከቡን የሚሰጠው የገዛው መምህር ነው እንጂ ክፍሉ ውስጥ አንገቷን የደፋችው ልጅ አይደለችም።

ይህ ጥያቄ በጣም የተከበሩ ምንጮችንም ይመለከታል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ1936 እስከ 1938 በመንግሥት ፕሮግራም የተሰበሰቡትን ከ2,300 በላይ የቀድሞ ባሮች ቃለ መጠይቆች በነጻ አቅርቧል። እንደ ምንጭ የሚተካቸው የለም። ጠያቂዎቹ ግን በአብዛኛው የደቡብ ነጮች ነበሩ፤ ተጠያቂዎቹ ሽማግሌዎች፣ ብዙዎቹም ባርነትን በልጅነታቸው ብቻ ያዩ ነበሩ፤ ዘመኑም የከፋ ድህነትና የዘር መለያየት ዘመን ስለነበር ጥቁር አዛውንት ለነጭ እንግዳ ያሰበውን ሁሉ አይናገርም። ከዚህም ሌላ ጸሐፊዎቹ የተጠያቂዎቹን አነጋገር የሚያንኳስስ በሚመስል የፊደል አጣጣል ነው ያሰፈሩት። ስለዚህ ለልጆች ስትሰጡ ጠያቂው ማን እንደ ነበር አብራችሁ ስጡ፤ ልጅ ተነሥቶ በዚያ አጻጻፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ አታድርጉ። ሁለቱን ብትጠብቁ መዝገቡ ሀብት ነው።

የራስን ስውር አድልዎ ይለካል የሚባለውን የፕሮጀክት ኢምፕሊሲት የኮምፒውተር ፈተና በተመለከተ አጭር ነኝ፤ አንድ ሰው ዛሬና ነገ ቢፈተን ውጤቱ ሊለያይ ይችላል፤ የፈተናው አዘጋጆች ራሳቸውም በአንድ ሰው ላይ ፍርድ ለመስጠት እንዳይውል ያስጠነቅቃሉ። ልጅን «አንተ ዘረኛ ነህ» ወይም «አንቺ ነጻ ነሽ» የሚል ወረቀት አስይዛችሁ ወደ ቤት አትስደዱ።

ከማመሰግናቸው አንዱ ስሌቭ ቮዬጅስ የተባለው የመረጃ ቋት ነው። ከ36,000 በላይ የባሪያ መርከብ ጉዞዎችን ይዟል፤ በግምቱ መሠረት 12.5 ሚሊዮን አፍሪካውያን በአትላንቲክ ላይ ተጭነው 10.7 ሚሊዮን ያህሉ በሕይወት ደርሰዋል። ተማሪ ራሱ ሊፈልግበት፣ ካርታ ሊያወጣበት ይችላል። ወደ ዛሬዪቱ አሜሪካ ምድር ከአፍሪካ በቀጥታ የመጡት 400,000 እንደማይሞሉ፣ ወደ ብራዚል የሄዱት ግን ወደ 5 ሚሊዮን እንደሚጠጉ ሲያይ ከፊልም የያዘው ሥዕል ይናወጣል። የምወደው ግን በተለይ በመርከብ መዝገብ የተረጋገጠውን ቁጥርና ከዚያ ተነሥቶ የተገመተውን ቁጥር ለያይቶ ስለሚያሳይ ነው፤ እንዲህ የሚያደርግ ድረ ገጽ ጥቂት ነው።

ይሁን እንጂ የቋቱ ዋና ማዕከል አትላንቲክ ነው። በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ የተጋዙት፣ ከእኛ አገር የወጡትም ጭምር፣ በዚህ የአትላንቲክ ዝርዝር ውስጥ አይገኙም። ይህ ክፍተት ክፍል ውስጥ ይነሣል፤ አንድ ቀን አንድ ልጅ «እኛ ጋስ ባርነት ነበረ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ነበረ ነው። ኢትዮጵያ በ1923 ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ ዋናው ክርክር በዚህ ላይ ነበር፤ በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1942 በወጣ አዋጅ ነው፤ በመካከሉም ፋሺስት ኢጣሊያ ይህንኑ ለወረራዋ ሰበብ አድርጋዋለች። ዓድዋን ብቻ የሚያወራ፣ ባርነትንና ዘረኝነትን የነጭ ሥራ ብቻ አድርጎ የሚደመድም ጽሑፍ ለልጆቻችን ደስ ይላል፤ ነገር ግን በጓዳችን ስለ ጥቁር አሜሪካውያንና ስለ ራሳችን ወገኖች የቆዳ ጥቁረት የምንናገረውን የሰማ ልጅ ያንን ጽሑፍ አያምነውም። ደስ የሚያሰኘን ጽሑፍ ምን እንዳስቀረ መጠየቅም ምርመራ ነው።

ስለ ገጾች መጥፋት ደግሞ ጥቂት ልበል፤ ተግባራዊ ነገር ነውና። «የመንግሥት ገጽ ስለ ሆነ አይለወጥም» የሚል እምነት አለን። በ2025 የአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ባሮች በምሥጢር ያመልጡበት ስለነበረው መንገድ በሚናገረው ገጹ ላይ ብዙ ባሮችን ያስመለጠችውን የሃርየት ተብማንን ፎቶና ቃል አንሥቶ ጽሑፉን ካለዘበ በኋላ፣ ተቃውሞ ሲበረታ በሚያዝያ ወር መልሶታል። ስለዚህ የምታስተምሩበትን ገጽ በወረቀት አትሙት ወይም ቅጂውን አስቀምጡት፤ ያያችሁበትንም ቀን ጻፉበት። ኢንተርኔት አርካይቭ የጠፉና የተለወጡ ገጾችን የቀድሞ መልክ በብዛት ስለሚያስቀምጥ ትልልቆቹ ተማሪዎች የአንድን ገጽ ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን ቢያነጻጽሩ ራሱን የቻለ ትምህርት ይወጣዋል። በመደበኛ ትምህርት ቤት የምታስተምሩ መምህራን፣ ከ2021 ወዲህ ቴክሳስንና ቴነሲን ጨምሮ የተለያዩ ስቴቶች ስለ ዘር በሚሰጥ ትምህርት ላይ ሕግ ስላወጡ የስቴታችሁን ሕግ ከምንጩ አንብቡ፤ በወሬ ፈርቶ መተውም በወሬ ተማምኖ መግባትም አይጠቅምም።

አሁን በቅርቡ እንድናስተምረው ወደማሳስበው ጉዳይ ልምጣ። በኅዳር 1988 በኦሬገን ስቴት፣ በፖርትላንድ ከተማ፣ ለትምህርት ወደ አሜሪካ የመጣው ኢትዮጵያዊው ሙሉጌታ ስራው «ኢስት ሳይድ ኋይት ፕራይድ» በተባለ የነጭ ዘረኞች ቡድን አባላት በቤዝቦል ዱላ ተደብድቦ ተገደለ። ገዳዮቹ ጥፋታቸውን አምነው ታሰሩ። ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር የአይሁዶች መብት ተሟጋች ከሆነው ከአንቲ ዲፋሜሽን ሊግ ጋር ሆኖ በቤተሰቡ ስም በካሊፎርኒያ ይኖር የነበረውን ቶም ሜጽገርንና «ኋይት አርያን ሪዚስታንስ» የተባለውን ድርጅቱን፣ ወጣቶቹን ለዓመፅ አነሣሥተዋል ብሎ በፍትሐ ብሔር ከሰሰ፤ በጥቅምት 1990 ከሕዝብ የተውጣጡ የፖርትላንድ ፈራጆች (ጁሪ) 12.5 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረዱ። በ2018፣ በ30ኛው ዓመት፣ ጥቃቱ በተፈጸመበት ሰፈር የመንገድ ምልክቶች ላይ ስሙ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ተጽፎ ተሰቅሏል።

ስለዚህ ጉዳይ በኢንተርኔት ላይ ብዙ አለ፤ አብዛኛውም በአንድ ምንጭ ላይ የቆመ ነው፤ ክሱን ያሸነፈው ድርጅት በሚተርከው ላይ። ሌሎቹ ገጾች እርስ በርሳቸው ስለሚገለባበጡ አሥር ገጽ ማንበብ አሥር ምስክር መስማት አይደለም። ኋላ ላይ ጉዳዩን ለዓመታት የመረመረች አንዲት ጋዜጠኛ፣ ግድያው ዘረኝነት የተሞላበት መሆኑን ሳትክድ፣ ወንጀሉን ከሜጽገር ጋር ያያያዘው ማስረጃ በችሎት የቀረበውን ያህል ጠንካራ አልነበረም ብላ ተከራክራለች። ይህን ስንሰማ የሚቆጣ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ሟቹ ወንድማችን ነው። እኔ ግን ከማውቃቸው ምንጮች ሁሉ ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ይበልጥ የሚስማማ አላገኘሁም፤ ክርክሩ እውነተኛ ነው፣ ሰነዱ ክፍት ነው፣ ጥያቄውም ዛሬ በቲክቶክና በቴሌግራም ላይ የሚኖሩት ልጆች ጥያቄ ነው፤ ሰው በንግግሩ ሌላው ለሠራው ወንጀል ተጠያቂ የሚሆነው መቼ ነው?

የምንነሣው ከድርጅቱ ገጽ ሳይሆን ከፍርዱ እንዲሆን አሳብ አቀርባለሁ። የኦሬገን ይግባኝ ፍርድ ቤት በ1993 ውሳኔውን ያጸናበት «ብርሃኑ በሜጽገር ላይ» የተባለው ፍርድ በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል፤ ከሳሹ የሟቹ ዘመድ ነው። ተከሳሾቹ ያቀረቡት መከራከሪያና ፍርድ ቤቱ የሰጠው መልስ እዚያው አለ። ቋንቋው የሕግ ቋንቋ ስለ ሆነ ማሳጠርና በአማርኛ የቃላት ማብራሪያ መጨመር ያስፈልገዋል፤ ከ14 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ የድብደባውን ዝርዝር ትተን ስለ ሕይወቱና ስለ መንገዱ ምልክት ብቻ ማስተማር ይበቃል። ሥራውን የሚጋሩ ሁለት መምህራን ብናገኝ ለኅዳር ይደርሳል። የሚያሳጥረው ሰው የተከሳሾቹን መከራከሪያ እንዳያወጣው አደራ፤ ገጹ ቢበዛ ከእኛ ወገን ያለው ይጠር እንጂ የእነሱ አይቀነስ።